የመኪናዋ ክርስትና አባት

በዩንጋስ ሸለቆዎች ወደ አልቶ ፓካይ የሚወጣውን መንገድ መንግሥት አልሠራውም። የሠሩት ሴቬሮ ካሊሳያና ከላይ ያሉት የኮካ ቅጠል ገበሬዎች ናቸው፤ በዶማ፣ በአካፋ፣ ድንጋዩ እምቢ ባለበት ቦታ ደግሞ ከየት እንደመጣ ማንም በማይጠይቀው ድማሚት። መንገድ ብሎ መጥራትም ማቆላመጥ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ውሃ የሚያነባ ግድግዳ፣ መሃሉ ጭቃ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳፈር ሰው እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ያወራል፣ ከዚያ በኋላ ጸሎተኛ ይሆናል።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ መኪና ይዞ የወጣው ሴቬሮ ነው። ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበር፤ አሁን ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ከዚያ ወዲህ የላይ ሰዎች ኮካቸውን በጆንያ ጠቅጥቀው፣ የዶሮ እግር ጠፍረው፣ ልጅ አዝለው መንገድ ዳር ሲቆሙ የሚጠብቁት መኪና አልነበረም፤ ሴቬሮን ነበር። በአሽከርካሪዎች ማኅበር ዘንድ መስመሩ ሌላ ስም አለው፣ በሰው አፍ ግን የሴቬሮ መስመር ነው። ሰውየው ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ልጆቹ ሳንታ ክሩዝ ሄደው በዓመት በዓል ብቻ ይደውላሉ፣ ጉልበቱን ያመዋል። ይህች መስመር ግን የእሱ ናት። እሷን ከወሰዱበት ሰውየው ምኑ ይቀራል?

መኪናዋ እንደ አገሩ መኪና ሁሉ አርጅታ ከባሕር ማዶ የመጣች፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረላት ነጭ ስቴሽን ዋገን ናት። ዋና ሀብቷ አራቱም ጎማዎቿ መሥራታቸው ነው። የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት፣ ከሆዷ ሥር ያለ ድስት የሚያህል የብረት መጋጠሚያ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች ያሳልፋል፤ የፊቱ ሲደክመው የኋላው ይገፋል። በበጋ ይህን መጋጠሚያ የሚያስታውሰው የለም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ዝናቡ ሲወርድ ግን ያለ እሱ አልቶ ፓካይ የሚወጣው በቅሎ ብቻ ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ደንብ በላይኛው መስመር የሚሠራው አራቱም ጎማ የሚሠራ መኪና ያለው ሰው ብቻ ነው ይላል። የሌለው ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል። ታች ደግሞ መኪናው ከተሳፋሪው ይበዛል፤ ሰው ተራ ሲጠብቅ፣ ካርታ ሲጫወትና ሲተማማ ይውላል።

እዚህ አገር መኪና ገዝቶ ዝም ብሎ መንዳት የለም። መኪና ክርስትና ትነሳለች። በአበባና በባለ ቀለም ወረቀት ተሸልማ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቆማለች፣ ቄሱ ጠበል ይረጫታል፤ ቄሱ ዞር ሲል ደግሞ ለእናት ምድር ድርሻዋ ይሰጣል፣ ጎማዎቿ ላይ ቢራ ይፈስሳል፣ ርችት ይተኮሳል። ክርስትና አባትም ይኖራታል። ክርስትና አባት ማለት ቢራውን ያቀረበ ሰው ማለት ብቻ አይደለም። የመኪናዋን ደህንነት የሚጠብቅ፣ ክፉ ቢደርስባት ቀድሞ የሚደርስ፣ ከባለቤቷም ጋር እስከ መቃብር አበልጅ የሚሆን ሰው ነው።

ሴቬሮ የመረጠው ሉሲዮ ፓሪን ነበር። የወታደር ቤት ጓደኛው ነው፤ ከአንድ ሳህን በልተዋል፣ በአንድ አሥር አለቃ ተረግጠዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሉሲዮ መካኒክ ነው፤ የማኅበሩ መኪኖች በሙሉ የሚታከሙት እሱ ጋራዥ ነው። ሰዉ «ሴቬሮ ብልጥ ነው» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ ትናንት አንተ ሲባባሉና በእናት ሲሰዳደቡ የኖሩት ሁለቱ ሰዎች፣ እንደ ደንቡ አንቱ መባባል ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ያስቃቸው ነበር። ኋላ ለመዱት።

የዚህ አበልጅነት አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለው። ክርስትና አባቷ መካኒክ የሆነች መኪና የሌላ መካኒክ እጅ አይነካትም። ወደ ሌላ ጋራዥ የወሰዳት ሰው ለከተማው ሁሉ «አበልጄ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሥራውን አያውቅም» ብሎ እንደለፈፈ ይቆጠራል። ሚስቱን ቢፈታ ይሻለዋል፤ ለእሱ እንኳ አስታራቂ ይገኛል።

እንግዲህ አንድ ቀን ሴቬሮ ወንዝ ሲሻገር የመኪናዋ ሆድ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው የጥርስ ሳጥን፣ ዲፈረንሻሉ፣ ተሰንጥቆ ዘይቱን ቀስ በቀስ አንጠባጥቦ ጨረሰና፣ በሳምንቱ ውስጡ ያለው ጥርስ ሁሉ ተፈጨ። ሉሲዮ ራሱ ከላ ፓዝ በላይ ወዳለችው ኤል አልቶ ወጥቶ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች መሃል ያንኑ የመሰለ ዲፈረንሻል ፈልጎ አምጥቶ ገጠመው። የእጁን ዋጋ አልቀበልም አለ። «ልጄን አክሜ ዋጋ ልቀበል?» ብሎ ሳቀ። ነገሩ ኋላ ላይ የከበደው በዚህ ነው። በነጻ የሰጠህን ሰው ይህ ጎድሎታል ልትለው አትችልም።

ሳጥኑ ያው ነው፣ ቀዳዳዎቹ ያው ናቸው፣ ቡሎኖቹም አንድ ሳይቀር ገቡ። ሉሲዮ ያላየው ውስጡን ነው። ዲፈረንሻሉ የወጣባት መኪና የሴቬሮን መኪና ብትመስልም ሞተሯ ተለቅ ያለ ነበር፤ ስለዚህ የጥርሶቹ ቁጥር ይለያል። ይህን ለማወቅ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማዎቹን በእጅ አዙሮ፣ ዘንጉ ስንቴ እንደሚዞር ማየት ይበቃል። ሉሲዮ ይህን ከእናቱ ስም ባልተናነሰ ያውቀዋል። ግን ዕለቱ የወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ነበር። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ መፍቻ የሚጨብጥ የለም፤ ሁሉም ደጁ ላይ ለምድሪቱ ቢራ ያፈስሳል፣ የተረፈውን ይጠጣል፣ ለምድሪቱ ከደረሰው የሚተርፈው ደግሞ ሁልጊዜ ይበልጣል። ጎረቤቶቹ ጠርሙስ ከፍተው «ሉሲዮ፣ ምድሪቱን አታስጠብቃት እንጂ» እያሉ ይጮኻሉ። የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቆ ወጣ። ሁለቱ አበልጆች ያቺኑ መኪና ተደግፈው እስኪመሽ ጠጡ።

ሴቬሮ ወዲያው የሆነ ነገር ተሰምቶታል። ጠባብ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ከኋላ ሰው የያዛት ይመስል ትንገታገታለች። ዳገቱን ስትጨርስ ከሆዷ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ለሉሲዮ ነገረው። ሉሲዮም ዕቃው ገና ነው፣ ከመኪናዋ ጋር እስኪላመድ ነው ብሎ አረጋጋው። ሴቬሮም ተረጋጋ። አበልጁ ነዋ።

ዕቃው ሊላመድ ቀርቶ፣ በቅዱስ እንድርያስ ዕለት፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ ከሆዷ ሥር ያለው መጋጠሚያ ሞተ። የአልቶ ፓካይ ደብር የሚነግሠው ያን ዕለት ነው፤ የበዓሉ ደጋሽ ከላ ፓዝ የማርሽ ባንድ አስመጥቶ፣ ሙዚቀኞቹ ሰማያዊ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሴቬሮ መኪና ላይ ታጭቀዋል፣ ትልቁ ጥሩንባ ጣሪያው ላይ ታስሯል። መንገዱ አጋማሽ ላይ የፊት ጎማዎች ጭቃውን እየረጩ ይሽከረከራሉ፣ የኋላዎቹ ተኝተዋል። ሙዚቀኞቹ ወርደው ገፉ። ሰማያዊው ልብስ ቡኒ ሆነ። በመጨረሻ ከበሮውን በጀርባቸው፣ ጥሩንባውን በራሳቸው ተሸክመው ዳገቱን በእግራቸው ወጡት፤ የቅዱሱን ምስል አጅቦ የሚጠብቀው ሕዝብ ከጭቃ የተሠሩ ስምንት ዘጠኝ ሰዎች ሲመጡበት መጀመሪያ አማተበ፣ ቀጥሎ ሳቀ። ሴቬሮ ሲስቁበት መንገዱን ከከፈተ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ በመናኸሪያው አዲስ መኪና የገዛ ግሮቨር የሚባል ወጣት አሽከርካሪ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ዶን ሴቬሮ፣ የዛሬው ተሳፋሪ መግፋት ይችላል ወይስ ሌላ ልፈልግልዎ?» አለው። ሴቬሮ ወደ መኪናዋ ዞሮ ጭቃዋን ይጠርግ ጀመር።

ሉሲዮ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈረደ።

«ጎማው ነው አበልጄ። የፊቶቹ አዲስ፣ የኋላዎቹ ያለቁ። እኩል ያልሆነ ጎማ እኩል አይዞርም። መጋጠሚያው ቀኑን ሙሉ መሃል ገብቶ ሲታገል ይቃጠላል።»

ክፋቱ ንግግሩ እውነት መሆኑ ነው። ያለቀ ጎማና አዲስ ጎማ የቀላቀለ ሰው መጋጠሚያውን ይገድላል፤ ይህን የትኛውም መካኒክ ይመሰክራል። ሴቬሮ አበልጁን ይቅርታ ጠየቀ። ሚስቱ ሁስታ ለፋሲካ ያሰበቻቸውን አሳማዎች ሸጠች፤ አራት አንድ ዓይነት ጎማ ተገዛ፣ ሌላ አሮጌ መጋጠሚያ ተገጠመ። እሱም ገና ከመገጠሙ ያው ሽታ መጣና ሞተ።

በዚህኛው ጊዜ ሉሲዮ መኪናዋን በክሪክ ሰቅሎ፣ ሴቬሮን «እስቲ ለስላሳ ገዝተው ይምጡልኝ» ብሎ ላከው። ሲመለስ አበልጁን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እጁ ጎማው ላይ እንዳለ፣ ፊቱ አመድ ለብሶ አገኘው። አመመዎት ወይ አለው። ሉሲዮ ወገቤን ነው አለ። ለስላሳውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣና መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ዘይት የማይሆን ዘይት መሆኑን ነገረው። ማን ነው የጨመረው? ሴቬሮ በጉዞ ላይ አንዴ ከነዳጅ ማደያ ገዝቶ ዲፈረንሻሉ ላይ ትንሽ ማከሉ ትዝ አለው፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ አንገቱን ደፋ። ሦስተኛው ሲሞት ጭቃ የገባበት የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው ተባለ፤ ጭቃ ያስገባው ማን ነው? ሴቬሮ። ሽቦው ተጠርጎ፣ ሌላ መጋጠሚያ ተገጥሞ እሱም ሲሞት የቀረው የነጂው እግር ብቻ ነበር። «እግርዎ ከብዷል አበልጄ። በሁለተኛ ማርሽ እያስጮኹ አይውጡ።» መጋጠሚያን የሚገድል ነገር ብዙ ነው። ሉሲዮ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠራቸው፤ እያንዳንዱም የሴቬሮ ጥፋት ሆኖ ተገኘ። አንዱን ብቻ ዘለለ።

ሁስታ ግን አሳማዋን የሸጠች ሴት ናት፣ አፏ አይያዝም። ወንዙን ተሻግሮ ሌላ ጋራዥ እንዳለ፣ መካኒኩም ጎበዝ እንደሆነ ደጋግማ ነገረችው። ሴቬሮ እንዲህ ያለ ነገር በቤቱ ውስጥ እንዳይነሳ አላት።

«አንተ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ሉሲዮን?» አለችው።

«አበልጅ ነው፣ ሁስታ።»

«አበልጅነቱማ ከመኪናዋ ጋር ነው። እስቲ እሷን ጠይቃት፣ ምን ያህል እንደወደደችው።»

ሰውየው ከልቡ ሳቀ፤ ወደ ሌላ ጋራዥ ግን አልሄደም። ይልቁን መናኸሪያ ላይ የሚሳለቁት ሲበዙ፣ ግሮቨርም በእሱ ተራ ሁለት ሦስቴ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን ፕላሲዶ ከካርኒቫል በኋላ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ የላይኛው መስመር ጉዳይ እንደሚታይ ነገረው። ደንቡ ደንብ ነው አለ፤ ፊቱ ግን ይህን መናገር እንደከበደው ያሳያል።

ሴቬሮ ያን ጊዜ አበልጁን ላለማስቸገር ሲል እሱ ራሱ ኤል አልቶ ወጣ። ሁልጊዜ ሉሲዮ ነበር የሚሄድለት፤ ወገቡን የሚያመውን ሰው ለምን በብርድ አንከራትተዋለሁ ብሎ አዘነለት። ሉሲዮ ዕቃ የሚገዛበትን ሱቅ አጠያይቆ አገኘ። ባለቤቷ ዶኛ ኔሊ የምትባል ወፍራም ሴት ናት፣ በዘይት በተነከረ የብረት ክምር መሃል ንጹሕ ባርኔጣ አድርጋ ተቀምጣለች። መጋጠሚያ እፈልጋለሁ አላት፣ የመኪናዋን ዓይነት ነገራት።

ኔሊ ትክ ብላ አየችው። «ከዩንጋስ ነዎት? የዶን ሉሲዮ ሰው?»

«አበልጁ ነኝ።»

«ታዲያ አልሸጥልዎትም። ደግሞ ለማቃጠል ነው? ለሱም ነግሬዋለሁ፣ ዲፈረንሻሉ ሳይለወጥ መቶ መጋጠሚያ ቢገጥሙ ያልቃል። የፊቱ ጥርስ ሌላ፣ የኋላው ሌላ። ፈጣን በሬና ዘገምተኛ በሬ ጠምደው ቀንበሩ ለምን ተሰበረ ይላሉ እንዴ?»

ለሴቬሮ ነገሩ የገባው ቀስ ብሎ ነው። ማን ነገረሽ አላት። ዶን ሉሲዮ ራሱ ነው አለችው፤ ከገና በፊት ጀምሮ እየተመላለሰ ያንን የጥርስ ቁጥር ፈልጊልኝ ይላታል፣ ስታጣለት ፊቱን አጥቁሮ ይሄዳል፣ ባለፈው እንዲያውም ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ከካርኒቫል በኋላ ዕቃ ይገባል፣ ያን ጊዜ ሳይገኝ አይቀርም ብላዋለች። «እርስዎ አያውቁም ነበር?» አለች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

ከኤል አልቶ ወደ ዩንጋስ በሚወርደው አውቶቡስ ሴቬሮ ኮካውን በጉንጩ እንደያዘ ማላመጡን ረሳው። መሳሳቱ አይደለም ያንገበገበው። ሰው ይሳሳታል፤ ዓርብ ነበር፣ እሱም አብሮ ጠጥቷል። ያንገበገበው ያ ለስላሳ የገዛበት ቀን ነው። ሉሲዮ ጎማውን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጦ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ካወቀ በኋላ ነው ዘይቱን፣ ሽቦውን፣ እግሩን የከሰሰው። ካወቀ በኋላ ነው ሦስቴ ይቅርታ ያስጠየቀው።

ቢሆንም ሴቬሮ ክፉ አላሰበም። አሁንስ ሰውየው ያናድዳል! ደረሰና በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄዶ፣ ዕቃውን አላገኘሁም አለ፤ ኔሊን ማግኘቱንም አልተናገረም። ተቀመጠ። አበልጁ ራሱ ቢናገረው፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል ብሎ ቆርጧል። ሰኞ ስብሰባው ላይም ሁለቱ አብረው ቆመው፣ ዲፈረንሻሉ ተሳስቶ ነው፣ በቅርቡ ይለወጣል፣ ታገሡን ይላሉ። ፕላሲዶ ይታገሣል፣ መስመሩም ይተርፋል።

«አበልጄ፣» አለው፣ «ከስብሰባው በፊት ሊነግሩኝ የሚገባ ነገር አለ?»

ሉሲዮ መፍቻውን ሲያገላብጥ ቆየ። «እግርዎን ቀለል ያድርጉ። ሌላ የለም» አለ።

የማኅበሩ አዳራሽ ያን ሰኞ ጢም ብሎ ነበር፤ የካርኒቫል ወረቀት ገና ከጣሪያው አልወረደም፣ ግማሹ ሰው ራሱን ያመዋል። ፕላሲዶ ነገሩን አለዝቦ ጀመረ። ሴቬሮ ያን መንገድ የከፈተ ሰው መሆኑን ተናገረ፣ ሰዉም አጨበጨበ። ከዚያ ደንቡን አነበበ። ቀጥሎም፣ የመኪናዋ ሕመም ታውቆ የሚድን ከሆነ ማኅበሩ መታገሥ እንደሚችል፣ ለዚህም ምስክር የሚሆነው የሁላችንም መካኒክ፣ የመኪናዋም ክርስትና አባት ነው ብሎ ወደ ሉሲዮ ዞረ።

ሴቬሮ እፎይ አለ። ከዚህ የተሻለ በር አይከፈትም። ሉሲዮ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። አዳራሹን አየ፤ የተቀመጡት ሁሉ ደንበኞቹ ናቸው፣ የእያንዳንዳቸው መኪና በእጁ አልፏል። ዲፈረንሻል ሲገጥም ጥርስ የማይቆጥር መካኒክ መሆኑን ዛሬ ቢሰሙ ነገ እነማን ይመጣሉ? ይህን ማሰቡ ከፊቱ ይነበብ ነበር። ሴቬሮም አነበበው።

«መኪናዋ ጤነኛ ናት» አለ ሉሲዮ። «ሦስት መጋጠሚያ ገጥሜላታለሁ፣ በነጻ። ስለ አበልጄ ይህን መናገር ይከብደኛል። እጅ ይደክማል፣ ዓይንም ይደክማል። ዕድሜ ነው።»

ከንፈር የመምጠጥ ድምፅ ከአንድ ጥግ ተነስቶ ሌላው ጥግ ደረሰ። ግሮቨር እንኳ መሬት መሬት አየ። ፕላሲዶ ወደ ሴቬሮ ዞሮ «ዶን ሴቬሮ፣ የሚሉት አለ?» አለው። የሚለው ነበረው። ከኤል አልቶ ጀምሮ ምላሱ ላይ ነበር፤ ጥርሱ ነው፣ ኔሊን ጠይቋት ብሎ ሁለት ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ግን አበልጁን በአደባባይ ውሸታም ማለት ሆነበት፤ አንዴ ከተባለ የማይመለስ ነገር ነው፣ የሉሲዮ ጋራዥም በዚያው ይዘጋል።

«የለኝም» አለ።

ደግነት ነው የሚሉ አሉ። ደግነት አይደለም፣ ሞኝነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሞኝነት ደግሞ ማንም አያመሰግነውም። ድምፅ ለመስጠት እጅ ሲወጣ የሉሲዮ እጅ አብሮ ወጣ። መስመሩ ለግሮቨር ተሰጠ።

ሴቬሮ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። በፊት ጎማዎቿ ብቻ የምትሄድ መኪና ለአስፋልት ትበቃለች። ጠዋት ይመጣል፣ ተራውን ይይዛል፣ ካርታ ስለማይወድ መሪው ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል። ወጣቶቹ ቀድሞ ሲሳለቁበት ይሻል ነበር፤ አሁን ወንበር ይለቁለታል፣ «ዶን ሴቬሮ፣ ላሳልፍዎት?» ብለው ተራቸውን ይሰጡታል፣ ማታ ሲነዳ ቀስ እንዲል ይመክሩታል። ሁስታ እቤት ውስጥ የሉሲዮን ስም አላነሳችም። እንዳታነሳው ስለነገራት አልነበረም።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሉሲዮ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ከሴቬሮ ደጅ ቆመ። ዲፈረንሻል ነው፣ ደህና መጋጠሚያም ይዟል። የተሻለ ዕቃ አገኘሁ፣ ለማንኛውም ልለውጥልዎ ብዬ ነው አለ። ዓይኑ ከመሬት አልተነሳም። ሴቬሮ መኪናዋን አሳየው፣ እሱም ከሥሯ ገብቶ ሲሠራ ዋለ። በዚህኛው ጊዜ ቆጠረ። ጎማውን እያዞረ በሹክሹክታ ሲቆጥር ሴቬሮ ከደጃፉ ላይ ሆኖ ሰማው።

ሲጨርስ ሉሲዮ በጀርባው እንደተኛ ቀረ፣ አልወጣም። «ያን ቀን…» አለ ከመኪናዋ ሥር።

«አውቄ ነበር» አለ ሴቬሮ።

«ምኑን?»

«ጥርሱን። ከስብሰባው በፊት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነው፣ አበልጄ።»

ሉሲዮ ወጥቶ መፍቻዎቹን ሰበሰበ። ወደ ማኅበሩ ሄጄ ልንገራቸው አለ። ሴቬሮ አሁን ማን ያምንዎታል አለው፤ ለአበልጁ አዝኖ የፈጠረው ነው ይላሉ። ይህም እውነት ነበር። ሁስታ ለሉሲዮ ውሃ እንኳ ሳታቀርብለት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ እየዘነበ ሴቬሮ መኪናዋን አስነስቶ፣ ባዶዋን፣ ወደ አልቶ ፓካይ ወጣ። ለምን እንደወጣ ለሁስታ አልነገራትም፤ ለራሱም በቅጡ አያውቀውም። ሙዚቀኞቹ የገፉባት ቦታ ስትደርስ የፊት ጎማዎቿ አንዴ ተንሸራተቱ፣ ወዲያው የኋላዎቹ ያዙና ገፏት። መታጠፊያው ላይ የሚጎትታት የለም፣ ሽታ የለም፣ ድምፅ የለም። እንደ አዲስ ወጣች። ሰውየው መሪውን ይዞ ብቻውን በእንባ ይታጠብ ጀመር።

ከላይ መንገድ ዳር፣ በላስቲክ የተሸፈኑ ጆንያዎች አጠገብ ሰዎች ቆመው ነበር። መኪናዋን ሲያዩ ተንጫጩ። ዶኛ ቶማሳ የምትባል፣ መንገዱ ሲቆረጥ ለሠራተኞቹ ስንቅ ታቀብል የነበረች አሮጊት፣ እሱ ሳይወርድ የኋላውን በር ከፍታ የኮካ ጆንያዋን አስገባች። ከዚያ በመስኮቱ አጎንብሳ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ልጄ፣ ዓይንህ ጠፋ ብለውን ነበር እኮ። መቼ ዳንክ?»

«ደህና ነኝ፣ ዶኛ ቶማሳ።»

«ተመስገን። ያ ልጅ ጥሩ ነው፣ ግን እንዳንተ አይደለም። በል ሂድ፣ ገበያው እንዳያመልጠኝ።»

ሴቬሮ ወረደ። ጆንያዋን ከመኪናው አወጣና ጭቃ እንዳይነካው ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፣ ላስቲኩን መልሶ አለበሰው። ተራዬ አይደለም አላት። ግሮቨር ይመጣል።

አሮጊቷ አልገባትም። ባዶዋን መኪና አየች፣ እሱን አየች።

«ታዲያ አንተ ምን ልታደርግ መጣህ?» አለችው።

ሴቬሮ መኪናዋን አዙሮ ባዶዋን ይዞ ወረደ።